ፍጻሜው የታወቀ ግጥሚያ

ልዩ ዘገባ፦ በዋድላ ደጋ የሬስሊንግ ወዳጆች ምን ያያሉ? በምንስ ይከራከራሉ?

ከጋሸና ተነሥቶ የዋድላን ደጋ ይዞ ወደ ኮን የሚገባውን መንገደኛ አስቀድሞ የሚቀበለው ብርዱ ነው፤ ከብርዱም ቀጥሎ፣ ገበያው ተበትኖ ጋቢውን የተከናነበው ሁሉ ወደየቤቱ በሚያዘግምበት የአመሻሽ ሰዓት፣ ቆርቆሮ ከለበሰች አንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ የሚወጣው፣ ለማያውቀው ሰው ጠብ የተነሣ የሚያስመስለው የወጣቶች ጩኸት ነው። ቤቲቱ ቪዲዮ ቤት ናት። ከባሕር ዛፍ አጣና የተሠሩ አግዳሚዎች በረድፍ ተደርድረውባታል፤ በስተፊት ከግድግዳው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩም መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ ይገኛል፤ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ባለቤቱ ተቀምጦ የመግቢያውን ሒሳብ ይቀበላል። የእንግሊዝ ኳስ ባለበት ቀን ቤቲቱ የኳስ ናት። ኳስ በሌለበት ምሽት ግን ወጣቱ በአንድ ቃል የሚጠይቀው ሬስሊንግን ነው።

ሬስሊንግን ጨርሶ የማያውቅ ሰው በአገራችን ጥቂት ነው፤ አጥርቶ የሚያውቀውም እንዲሁ ጥቂት ነው። የጆን ሲና ምስል የታተመበትን ካናቴራ ያልለበሰ ወይም ሲለበስ ያላየ የከተማ ልጅ አይገኝም፤ አንደርቴከር የተባለው ረጅም ሰው ጥቁር ካባውን ለብሶ፣ መብራት ጠፍቶና ደወል ተደውሎ የሚገባበትን ሥርዓት በአንሶላ ተጠቅልሎ ያልደገመ፣ ሬይ ሚስቴርዮን አይቶም ከአልጋ ላይ ያልዘለለ ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ ስለዚህ ትዕይንት በትልልቆች ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እርሱም «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» የሚለው ነው። በኮን የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ በአግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከተዉ ብዙ ዘመን መሆኑን ነው።

ትዕይንቱ ኮን እስኪደርስ

ሰኞ ማታ በአንድ የአሜሪካ ከተማ የተደረገ ግጥሚያ ኮን የሚደርሰው በቀጥታ አይደለም። ቀደም ባለው ጊዜ በሲዲ ይመጣ ነበር፤ ከወልድያና ከደሴ የሚመላለሱ የመኪና ረዳቶች ከሕንድ ፊልሙና ከጃኪ ቻን ጋር ቀላቅለው ያመጡታል፤ ሲዲውም ተጫጭሮ ምስሉ እስኪቆም ድረስ ይታያል። ቀጥሎ ዲሽ ተተከለና ከዐረብ አገሮች ጣቢያዎች በማይገባ ቋንቋ ይታይ ጀመር። ዲኤስቲቪ ያስገባ ቤት ደግሞ በደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርት በኩል ያገኘው ነበር። ዛሬ ቁርጥራጩ በቲክቶክና በቴሌግራም በስልክ ይገባል፤ ሙሉው ትዕይንት ግን ከበድ ስለሚል፣ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ላይ ፍላሽ ተጭኖ፣ በሹፌር ኪስ ደጋውን ይወጣል።

ይህም ቢሆን የተቋረጠበት ጊዜ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋሸናና አካባቢዋ የጦር ሜዳ በሆኑበት ወራት መብራቱም ስልኩም ጠፍቶ ሳለ ቪዲዮ ቤት የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ በአማራ ክልል በተነሣው ሌላ ግጭት ምክንያትም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲዘጋ፣ የሹፌሩ ፍላሽ እንደገና ብቸኛው መንገድ ሆነ። የጦርነቱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚሻ ስለሆነ እዚህ ላይ አላረዝመውም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዜናው ከምስሉ ይቀድም ነበር። አዲስ አበባ ያለ ወንድም ወይም አሜሪካ ያለች እኅት በስልክ ስለ ቤተ ሰብ ጤና ከጠየቁ በኋላ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ማን እንደወሰደ ይናገራሉ፤ ምስሉ ግን ከሳምንታት በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ የኮን ተመልካች፣ ፍጻሜውን እያወቀ፣ ገንዘቡን ከፍሎ መግባትን ተማረ።

> ዜናው ከምስሉ ይቀድም ነበር፤ ተመልካቹም ፍጻሜውን እያወቀ፣ ገንዘቡን ከፍሎ መግባትን ተማረ።

ገንዘብ ያሰረው፣ ገንዘብ የፈታው ምስጢር

ፕሮፌሽናል ሬስሊንግ የሚባለው፣ አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነ፣ ውድቀቱና ምቱ ግን በእውነተኛ ሥጋና አጥንት ላይ የሚፈጸም ትዕይንት ነው። ሥር መሠረቱ በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ከከተማ ከተማ ከሚዘዋወሩ የመዝናኛ ድንኳኖች ጋር የተያያዘ ነው፤ በዚያ ዘመን ተፋላሚዎቹ አስቀድመው የተስማሙ መሆናቸው ከሕዝብ የተሰወረ ምስጢር ነበር፤ ምክንያቱም በውጤቱ ላይ ገንዘብ የሚያሲይዝ ተመልካች ነበርና። ምስጢሩ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአሠልጣኝ ወደ ሠልጣኝ እየተላለፈ እጅግ ተጠብቆ ኖረ። በመድረክ ላይ ባላንጣ የሆኑ ሁለት ሰዎች በአንድ መኪና አብረው ሲሄዱ መታየት እንኳ ነውር ነበር።

በመጨረሻ ምስጢሩን በአደባባይ የገለጡት፣ እንደሚጠበቀው የሙያው ጠላቶች ሳይሆኑ ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዛሬ ደብልዩ ደብልዩ ኢ የሚባለው፣ በዚያ ጊዜ የቪንስ ማክማን የነበረው ድርጅት በኒው ጀርሲ ግዛት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት፣ ሥራችን ስፖርት ሳይሆን መዝናኛ ነው ብሎ መሰከረ፤ እንዲህም ያለው የስፖርት ተቆጣጣሪዎች ከሚጥሉበት ግብርና ቁጥጥር ለመዳን ነበር። ገንዘብ ያሰረውን ምስጢር ገንዘብ ፈታው። የሚያስገርመው ግን፣ ምስጢሩ ከተገለጠ በኋላ ተመልካቹ አለመሸሹ ነው፤ እንዲያውም ከጊዜ በኋላ እጅግ በዛ። ፈረንሳዊው ደራሲ ሮላን ባርት ይህን የተረዳው አስቀድሞ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በታተመ መጽሐፉ ሬስሊንግን ከስፖርት ለይቶ በጥንታውያን የቴአትር ትዕይንቶች ጎን አስቀምጦታል።

የሥራው ክሂል በአወዳደቅ ይጀምራል። መድረኩ ከብረት አግዳሚዎች በላይ ሳንቃ ተረብርቦበት፣ በሳንቃው ላይ ስስ ስፖንጅ ተነጥፎ ሸራ የተወጠረበት ነው። ሠልጣኙ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ትንፋሹን አውጥቶ፣ ክንዶቹን ዘርግቶ በሰፊው ጀርባው መውደቅን ይማራል፤ ጭንቅላቱ አስቀድሞ ካረፈ ዕድሜውን ያሳጥራል። ዳኛው ከመድረክ በስተጀርባ የሚመጣውን ትእዛዝ ለሁለቱም በጆሮ ያደርሳል፤ ተጋጣሚዎቹም በተቃቀፉ ጊዜ የሚቀጥለውን ይንሾካሾካሉ። በኮን አግዳሚ ላይ የተቀመጠ አንድ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ አንደኛው ተፋላሚ አንገቱን ሲታነቅ ከንፈሩ መንቀሳቀሱን ለጓደኛው በጣቱ ያሳየዋል። በዚህ ግን ቅር አይሰኝም።

ሕመሙ ግን የተጻፈ አይደለም። ሰኔ 21 ቀን 1990 ዓ.ም. በፒትስበርግ ከተማ፣ ማንካይንድ በሚል ስም ይጋጠም የነበረው ሚክ ፎሊ፣ ወደ 5 ሜትር ከሚጠጋ የብረት አጥር ጫፍ ላይ በአንደርቴከር ተወርውሮ በጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ፣ እንደገናም ወጥቶ በአጥሩ ጣሪያ ላይ ሳለ ጣሪያው ተበርግዶ ወደ መድረኩ ሲገባ፣ ጥርሱ ተነቅሎ ነበር። በተከታዩ ዓመት፣ ግንቦት 15 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ተፋላሚው ኦወን ሃርት በካንሳስ ሲቲ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ እየወረደ እንዲገባ ታቅዶ ሳለ ማያያዣው ተለቆ ወድቆ ሞተ። ትዕይንቱ በዚያው ምሽት ቀጠለ፤ ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ድረስ ያልተረሳ በደል ነው ብዬ እቈጥረዋለሁ።

የዋድላ ጆሮ

ኮን ያለችበት የዋድላ ምድር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ታሪክ ከፍ ያለ ስም አለው፤ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ በስሙ ይጠራልና። በዚህ አገር ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ሌሊት ያሰበውን ለየኔታ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ቤት ያልመታው፣ ሙያው የተሳሳተው ይጣላል። በቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ ደግሞ ያማረለት ቅኔ ከሊቃውንቱ «ይበል!» ይባልለታል። ቅኔው ሲዘረፍ «ይህ ነገር በእውነት ሆኗልን?» ብሎ የሚያቋርጥ አንድም ሰው የለም፤ የሚመረመረው፣ ሰሙ ወርቁን ሳያጋልጥም ሳይቀብርም ተሸክሞት እንደሆነ ነው።

ቪዲዮ ቤቱን የቅኔ ጉባኤ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ድፍረት ከእኔ ይራቅ። ሆኖም በኋለኛው አግዳሚ ላይ ከሚቀመጡት መካከል፣ ቀድሞ የቆሎ ተማሪ የነበረ፣ ዛሬ የጭነት መኪና ረዳት የሆነ ጎልማሳ አለ፤ ግጥሚያው ወደ ማብቂያው ቀርቦ፣ ሞተ የተባለው ተፋላሚ ከዳኛው ሦስተኛ ምት በፊት ትከሻውን ሲያነሣ ከአፉ የሚወጣው ያው የጉባኤው ቃል ነው። የእርሱም ትችት በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ እግሩን አስቀድሞ የተመታ ሰው በኋላ ሮጦ ሲዘል ካየ፣ የመጀመሪያውን ነገር ረሳው፣ ቤት አልመታለትም ብሎ ያወግዘዋል። ከፊት የተቀመጡት ልጆች ይህን ሒስ ከእርሱ ወርሰውታል።

ሌላው ነገር ፉከራ ነው። ተፋላሚው ከመጋጠሙ አስቀድሞ ማይክሮፎን ይዞ ወደ መድረኩ ይወጣል፤ ማን እንደሆነ፣ ማንን እንደጣለ፣ ነገ በባላንጣው ላይ ምን እንደሚያደርስ ይናገራል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ በኮን አግዳሚ ላይ ከተቀመጡት አብዛኞቹ ቃሉን አይለዩትም። ነገር ግን ፉከራን በሠርግና በበዓል ሲሰማ ያደገ ሕዝብ፣ የቋንቋ መጋረጃ ቢኖርም የነገሩን አካሄድ አይስትም፤ ርምጃው መቼ እንደሚፈጥን፣ ድምፁ መቼ እንደሚነሣ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል። ዘ ሮክ የተባለው ተፋላሚ አንድ ቅንድቡን አንሥቶ አዳራሹን ዝም ብሎ ሲመለከት፣ በኮንም ቪዲዮ ቤት አብሮ ዝም ይባላል። በዕድሜ የገፉ አንድ ገበሬ ልጃቸውን ፍለጋ ገብተው ይህን ካዩ በኋላ ልጁን ትተው ቆሙ፤ ሰውየው ዘሩን ከማን እንደሚቆጥር ጠየቁ። የሬስሊንግ ቤተ ሰብ እንደሆነ፣ አባቱም አያቱም ተፋላሚ እንደነበሩ ሲነገራቸው ነገሩ ገባቸው።

> ፉከራን ሲሰማ ያደገ ሕዝብ፣ ቋንቋውን ባይለይም የነገሩን አካሄድ አይስትም።

በጾም የከፋ፣ በፋሲካ የነገሠ

የሬስሊንግ የዘመን አቈጣጠር ከእኛ በዓላት ጋር የሚጋጭበት አጋጣሚ አንዳንድ ጊዜ ያስቃል። ታላቁ ሳምንታዊ ትዕይንት፣ ሮው የሚባለው፣ ወደ ኔትፍሊክስ የተዛወረበት የመጀመሪያ ምሽት በሎስ አንጀለስ አካባቢ ሲከፈት፣ በእኛ ሰዓት የ2017 ዓ.ም. ልደት ሌሊት ነበር፤ በላሊበላ ካህናቱ በማኅሌት፣ ሕዝቡም በነጭ ለብሶ በዓለቱ አናት ላይ በቆመበት ሌሊት ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ቀጥሎ መጣ። ከሃያ ዓመት በላይ የሕፃናት ወዳጅና የደጎች ጀግና ሆኖ የኖረው ጆን ሲና፣ የካቲት 22 ቀን በቶሮንቶ፣ ማለት ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሻምፒዮኑን ኮዲ ሮድስን አቅፎ ሳለ ከዳው፤ ክፉ ሰው ሆነ። በቁርጥራጭ ቪዲዮ የተሰማው ይህ ዜና በኮን ያስነሣው ሐዘን ቀላል አልነበረም፤ ልጆች ካናቴራቸውን ገልብጠው ለበሱ። ከዚያም ነገሩ ሁዳዴውን ሙሉ ሲብሰለሰል ቆይቶ፣ ሬስልማንያ የተባለው ዓመታዊው ታላቅ ጉባኤ በላስ ቬጋስ የተከፈተው በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ምእመናን ጧፍ ይዘው ትንሣኤን በሚጠባበቁበት ሌሊት ነበር። በዚያም ሌሊት ፖል ሄይማን የተባለው አንደበተ ርቱዕ አማካሪ፣ ተፋላሚዎቹን ሲኤም ፓንክንም ሮማን ሬይንስንም አንድ ላይ ከድቶ ከባላንጣቸው ከሴዝ ሮሊንስ ጋር ቆመ። ምስሉ ኮን የደረሰው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቢሆንም፣ በቪዲዮ ቤቱ ለሄይማን ምን ስም እንደወጣለት አንባቢ ሳይነገረው ይገምታል፤ የሰሞነ ሕማማቱ ስብከት ገና ከጆሯቸው አልወጣም ነበርና።

በማግሥቱ ሲና ኮዲን ጥሎ 17ኛውን የዓለም ሻምፒዮንነት ወሰደ፤ ሪክ ፍሌር የሚታወቅበትን 16 አለፈ። ነገር ግን ግጥሚያው ቀዝቃዛ፣ ፍጻሜውም ዘፋኙ ትራቪስ ስኮት የገባበት ዝብርቅርቅ ስለነበር፣ በኮን ያሉት ሐያስያን አልማሩትም። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ በቀዘቀዘ ወጥ መፈሰክ ነው አለ አንዱ። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

ትልቅ መድረክና የጭቃ መድረክ

ኮን የሚደርሰው በአብዛኛው የትልቁ ድርጅት ሥራ ቢሆንም፣ ዓለሙ ከዚያ ይሰፋል። በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው ድርጅት ዛሬም ጭምብል የለበሱ ተፋላሚዎችን ያቀርባል፤ የሬይ ሚስቴርዮ ጭምብል ከዚያ ወግ የመጣ ነው። በጃፓን አንቶኒዮ ኢኖኪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቋቋመው ድርጅት ደግሞ ጭካኔና ክብር የተቀላቀለበት ግጥሚያ በማቅረብ ይታወቃል። በአሜሪካ፣ ኮዲ ሮድስና ያንግ ባክስ የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ2018 ከታላላቆቹ ድርጅቶች ተለይተው በራሳቸው ወጪ ያዘጋጁት ትዕይንት አዳራሽ ስለሞላ፣ በተከታዩ ዓመት ኤኢደብልዩ የሚባለው ተፎካካሪ ድርጅት ተመሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023ም ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ከ70,000 በላይ ሰው ሰበሰበ። በየሠፈሩ አዳራሽና በየትምህርት ቤቱ ጂም ለጥቂት መቶ ሰው የሚታገሉ ትንንሽ ድርጅቶችም ብዙ ናቸው፤ ሲኤም ፓንክና ዳንኤል ብራያን እንዲህ ካለው መድረክ የወጡ ናቸው።

ይሁንና በኮን ወጣቶች ልብ ውስጥ እጅግ የገባው ትንሽ መድረክ ከአሜሪካ አይደለም፤ ከዩጋንዳ ነው። ከካምፓላ አጠገብ ባለችው በሙኮኖ፣ ወጣቶች ጭቃውን በእንጨት ምሰሶና በገመድ አጥረው፣ ያለ ሳንቃና ያለ ሸራ የሚያደርጉት ሬስሊንግ በስልክ ምስል ዓለምን ዞሯል። ጋናዊው ኮፊ ኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ2019 በአፍሪካ ተወልዶ የዋናው ቀበቶ ባለቤት የሆነ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን ደስታው ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን ኮፊ ሩቅ ነው፤ የዩጋንዳው ጭቃ ግን የእኛም ጭቃ ነው። ከክረምት በኋላ በሚለሰልሰው የወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ይህን መሞከር ይቻላል የሚለው ወሬ በቪዲዮ ቤቱ ሳይነሣ የሚያልፍበት ሳምንት የለም።

በእርግጥ በደጋው እረኛ ሁሉ ትግል ያውቃል፤ ትግል በባህል ስፖርቶች ውድድር ከገናና ከገበጣ ጋር የራሱ ሥፍራ አለው። ነገር ግን ያ ትግል እውነተኛ ነው፤ የወደቀ ወድቋል፤ ታሪክ አይነገርበትም። ወጣቶቹ የሚሹት ሌላ ነው፤ ተስማምቶ ተጣልቶ ሕዝብን ማስለቀስ።

እናቶችና መምህራን ግን በዚህ ሁሉ አይደሰቱም። ታናሽ ወንድሙን አንሥቶ ከመደብ ላይ የጣለ፣ ክንዱ ወልቆ ወደ ወጌሻ የተወሰደ ልጅ ታሪክ በየቤቱ አለ፤ ሥጋታቸውም ልክ ነው። ልጁ የሚያየው መውደቁን ነው፤ ለመውደቅ የተማረውን ዓመታት አያይም።

እጅ መስጠት

ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆን ሲና የመጨረሻ ግጥሚያውን ከኦስትሪያዊው ጉንተር ጋር አደረገ። ዘመኑን ሁሉ «ፈጽሞ እጅ አትስጥ» የሚል ቃል በካናቴራውና በፎጣው ላይ ጽፎ የኖረ ሰው ነው። በመጨረሻም ጉንተር አንገቱን ከኋላ አንቆ ሲይዘው፣ ሲና ፈገግ አለና በእጁ መታ፤ እጅ ሰጠ። አዳራሹ በተቃውሞ ጮኸ፤ ቁጣውም ከጉንተር ይልቅ ነገሩን በጻፉት የድርጅቱ አለቆች ላይ ነበር።

ይህ ምስል ኮን በደረሰ ጊዜ የተነሣው ክርክር፣ ከዚያ በፊት ከሰማሁት ሁሉ የበረታ ነበር። ይህ ደጋ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉበት ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጅ ከመስጠት ሞትን የመረጡበት አምባም ሩቅ አይደለም። እንግዲህ እጅ መስጠት በዚህ አገር የጨዋታ ነገር ሆኖ አይታይም። አንድ ሹፌር፣ ሃያ ዓመት ያመነበትን ሰው አዋረዱት፣ ሰውየውም መቃወም ነበረበት፣ ቢያንስ ራሱን ስቶ መውደቅ ይችል ነበር ብሎ ተቆጣ። ከፊት ያሉት ልጆች ዝም አሉ፤ አንዱ አልቅሶ ነበር።

የቀድሞው የቆሎ ተማሪ ግን አልተስማማም። «ኧረ አያ፣ ፈገግታውን አላዩትም?» አለ ለሹፌሩ። በእርሱ አመለካከት የተሸነፈው ሰሙ ነው፤ ሰውየው ለቀጣዩ ትውልድ መንገድ መልቀቁን ራሱ ወስኖ በፈቃዱ አደረገው፤ ተገዶ ቢሆን ፈገግታው ከየት ይመጣል? ሹፌሩም መልሶ፣ ፈገግታውንም ቢሆን የጻፉለት እነርሱ ናቸው አለ። በዚህ ጊዜ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ሰውየው በገዛ ፊቱ ላይ ሥልጣን አለው አለ፤ ግማሹ የለውም አለ። ባለቤቱ ምስሉን ወደ ኋላ መልሶ እንዲያሳያቸው ጠየቁት፤ እርሱም የባትሪው ኃይል እያለቀ ስለሆነ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ማየት የሚፈልግ ነገ እንደገና እንዲከፍል ነገራቸው።